የእማዬ ጉልበት ከተቀየረ 16 ቀኑ ነው፤ አልታጠፍ ብሏል

ትንሿ ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። የቀኝ ጉልበቷ ለዓመታት ሲያሠቃያት ኖሮ በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ተቀየረላት። ዛሬ 16ኛ ቀኗ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በዎከር ተነሥታ እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። "እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ድሮ እገላገለው ነበር" ብላ አሳቀችን። በማግስቱ ሌሊት እግሯ ላይ የተወጋችው ማደንዘዣ ሲለቃት ግን ሌላ ሰው ሆነች። እሷ ስታቃስት፣ እኔ ሳለቅስ ነጋ።

አሁን ቤት ነን። የስፌቱ ክሊፖች ወጥተዋል፤ ቁስሉም ደህና ነው ተብሏል። ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ፊዚዮቴራፒስቱ ትናንት ሲለካው 68 ዲግሪ ሆነ። ሲዘረጋም ቀጥ አይልም፤ 12 ዲግሪ ይቀረዋል። ሰውየው ምንም አላለም፣ ፊቱ ግን ደስ አላለኝም።

እሷ ስፖርቱን መሥራት አትፈልግም። "ተዪኝ፣ መጀመሪያ ቁስሌ ይጥገግ" ነው መልሷ። ቤቱ ደግሞ ከጠያቂ ጸድቶ አያውቅም። አንዷ "እንዳትነሺ" ትላለች፣ ሌላዋ "ስፌቱ ይፈታል" ትላለች። አክስቴ ከጉልበቷ ሥር ትልቅ ትራስ አድርጋላት ሄደች። ተመችቷት ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ነው የምትተኛው። ወንድሜ "አታስጨንቂያት፣ እናት ናት እኮ" ይለኛል። እዚህ ቤት ክፉዋ እኔ ብቻ ሆኛለሁ።

ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ። ልተዋት ወይስ ልግፋ?

---

ፊዚዮ ከጎንደር

መጀመሪያ ትራሱን አንሺው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታነቢያለሽ።

ከጉልበት ሥር ያለ ትራስ የሚመቸው ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ስለሚያቆየው ነው። ጉዳቱም እሱ ነው። ውስጥ ያለው ጠባሳ በዚያው ቅርጽ እየጠነከረ ይሄዳል። ቀጥ የማይል ጉልበት ደግሞ ሲሄዱ ያስነክሳል፤ የጭን ጡንቻ ዕረፍት ስለማያገኝ ቶሎ ያደክማል። ሰው ሁሉ ስለ ማጠፉ ይጨነቃል። እኔን ያስደነገጠኝ ያ 12 ዲግሪ ነው።

ትራስ ካስፈለጋት ከቁርጭምጭሚቷ ሥር ይሁን። ያን ጊዜ ጉልበቷ ከፍራሹ ተነሥቶ አየር ላይ ይሆናል፤ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይዘረጋል። በ5 ደቂቃ ጀምሩ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ደስ አይልም፤ ትቆጣሻለች።

ማጠፉን በተመለከተ፣ ሜዳ ላይ ለመራመድ 70 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ወደ 90፣ ከወንበር እንደ ልብ ለመነሣት ደግሞ ከ90 ትንሽ ማለፍ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በ6 ሳምንት 90ን ያልፋል፤ እየቆየ 110፣ 120 ይደርሳል። እናትሽ ወደ ኋላ ቀርተዋል፣ ግን አልረፈደም። 16 ቀን ማለት ጠባሳው እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው ሥራው የሚከብደው። ጭራሽ እንቢ ካለ ሐኪሞች አስተኝተው በእጃቸው የሚያጥፉበት መንገድ አለ። እዚያ ባይደረስ ይሻላል።

ስፌት ይፈታል የሚለውን እርሱት። ቁስሉ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም በየንብርብሩ ነው የሚሰፋው። ቀዶ ሐኪሙ እኮ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አጥፎ ዘርግቶ አይቶታል።

እንዲህ አድርጊ። የማስታገሻ ክኒኗን ከስፖርቱ 30 ወይም 40 ደቂቃ በፊት ትውሰድ። አልጋው ላይ ተረከዟ ሥር ፌስታል አድርጊላት፣ እንዲንሸራተት። ነጠላ አጣጥፈሽ ከውስጥ እግሯ ሥር አሳልፊና ሁለቱን ጫፍ ራሷ ትያዝ። እየሳበች ተረከዟን ወደ መቀመጫዋ ታምጣ። አንቺ አትሳቢ! የሚያመውን ራሷ ስትቆጣጠረው ፍርሃቱ ይቀንሳል። በመጨረሻ በረዶ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ፣ 20 ደቂቃ።

---

ጋሽ ምርኩዝ

ልጄ፣ እኔ ሁለቱንም አስቀይሬያለሁ። ግራውን በ2011፣ ቀኙን በ2013። አሁን 76 ዓመቴ ነው።

አክስትሽን አትቀየሚያት። እኛ ስናስታምም ሰው ማስተኛት እንጂ ማስነሣት አልለመድንም። የታመመ ሰው ይተኛል፣ አጥሚት ይጠጣል፣ ጠያቂ ይከበዋል። ለወባ ይህ ደህና ነው። ጉልበት ግን የተኛበት ቀን ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይጠብቅሻል። የግራዬን ጊዜ ልጆቼ አዘኑልኝና አስተኙኝ፤ ቀጥ ለማለት አምስት ወር ፈጀብኝ። በቀኜ ጊዜ ጠያቂ ሲመጣ ሚስቴ በር ላይ ተቀብላ "ጋሼን እስከ ማዕዘኑ አንሸራሽሯቸውና ትገባላችሁ" ትል ነበር። ሦስት ሰው ግራና ቀኝ አጅቦኝ እንደ ታቦት ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያየኝ ነበር። በሁለት ወሬ ያለ ዎከር ሄድኩ።

ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ። ጉልበቱ ለወራት ይሞቃል፤ እጅሽን ስታደርጊበት ምጣድ ነው። እኔ አመርቅዞ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ሮጬ ተመለስኩ። እብጠቱም ጠዋት ቀለል ብሎ ማታ ይመለሳል። ከጠባሳው በስተውጭ ያለው ቆዳ እስከ ዛሬ ደንዝዟል፤ ቆዳው ላይ የሚያልፍ ነርቭ ሲቀደድ ስለሚነካ ነው ብለውኛል። አንዳንዴ ቀጭ ይላል። ብረትና ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይበል?

ምርኩዝ ስትጀምር ከተሠራው እግር በተቃራኒ እጅ ትያዝ። የእናትሽ ቀኝ ከሆነ ምርኩዙ በግራ። እኔ ሦስት ሳምንት በተሳሳተ እጅ ይዤ ዞሬያለሁ፣ ያውም ዕድሜ ልኬን መቋሚያ ይዤ የቆምኩ ሰውዬ። ደረጃ ላይ ደግሞ ሽቅብ ጤነኛው ይቅደም፣ ቁልቁል የተሠራው ይቅደም።

---

አራዳው

እኔ ግን ሁላችሁም አበዛችሁት። ፊዚዮቴራፒ ኢንሹራንስ መብያ ነው። ወጌሻ ጥሩላትና በቅቤ እሽት እሽት ያድርግላት፣ ያበጠውም ይወርዳል። እኔ ወገቤን በአንድ ቀን ነው የፈታልኝ።

---

ነርሷ ከናታንያ

አራዳው ወንድሜ፣ በእናትህ ይህን ምክር አጥፋው።

ከጉልበት ቅያሬ በኋላ የሚፈራው ትልቁ ነገር እግር ውስጥ ደም መርጋቱ ነው። የደም ማቅጠኛ ለሳምንታት የሚሰጣቸውም ለዚሁ ነው። የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ደሙን አስነሥቶ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ያ ሰው ይገድላል። ወገብህ ሌላ፣ ይህ ሌላ።

ትንሿ ልጅ፣ የአንድ እግር ባት በድንገት ካበጠ፣ ከጠነከረና ከታመመ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውሉ። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ቀጠሮ አትጠብቁ፣ አምቡላንስ ነው፣ 911። ቁስሉ ፈሳሽ ወይም መግል ካወጣ፣ ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከመጣ እንዲሁ ይደወል። ጠበል ትጠጣ፤ ቁስሉ ላይ ግን በደንብ ሳይዘጋ አይፍሰስ። ፌጦም ቁስል ላይ አይቀባ። ቁስል ላይ ፌጦ ይዘው የመጡ እናት በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ እስራኤል የምሠራው የእኛ ሽማግሌዎች ብዙ በሆኑበት ከተማ ነው። ነርሷ "ከ0 እስከ 10 ስንት ያምዎታል?" ትላለች። እሳቸው "ተመስገን ነው" ይላሉ። ልጃቸው "ደህና ነኝ ይላሉ" ብሎ ይተረጉማል። ነርሷ 2 ብላ ትጽፋለች። እኔ ግን እጃቸውን አያለሁ፤ አንሶላውን ጭብጥ አድርገው ይዘውታል። በሁለት የሚታከም ስምንት ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ "ታካሚው ስፖርት አልሠራም አሉ" ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ እኔ ቁጥር መጠየቅ ትቻለሁ። "ሌሊት ስንቴ ነቁ?" ነው የምለው። ያኔ ይናገራሉ።

እናትሽን እንደዚያ ጠይቂያት። ክኒኑንም በትክክል እየዋጠች እንደሆነ እዪ።

---

ትንሿ ልጅ

ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ክኒኑን እዪ ያልሽውን አንብቤ ገብቼ ፈለግኩ። ከትራሷ ጨርቅ ውስጥ በመሐረብ ተቋጥሮ 19 ፍሬ አገኘሁ። አስራ ዘጠኝ! ውኃውን ትጠጣለች፣ ክኒኑን ትሸጉጣለች።

ለምን ስላት፣ አንደኛ ቴሌቪዥን ላይ ሱስ ያስይዛል ሲባል ሰምታለች። ሁለተኛ ሆዷ ደርቆ አራት ቀን ሽንት ቤት ገብታ ያለ ምንም ተመልሳለች። ይህን ለእኔ መናገር አፍራ ነው። "ሌሊት ስንቴ ነቃሽ" ስላት ደግሞ "መቼ ተኝቼ?" አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን አላወቅኩም።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር፤ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወይን ጠጅ ሆኗል። ይኼስ?

---

ነርሷ ከናታንያ

ያ ከቀዶ ሕክምናው የፈሰሰ ደም ቆዳ ሥር ወደ ታች ሲወርድ ነው። አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ እየሆነ ይጠፋል። ባቷ ካላበጠና ካልጠነከረ የተለመደ ነው። ግን ፎቶ አንሥተሽ ለሐኪሟ ላኪ፣ እኔ አላየሁትም።

ስለ ክኒኑ አትቆጫት። ድርቀቱ የጠንካራው ማስታገሻ ሥራ ነው። ማለስለሻ አብሮ መታዘዝ ነበረበት፤ ነገ ደውለሽ ጠይቂ። ውኃ ታብዛ፣ ጥራጥሬና አትክልት ትብላ። ሐኪሟ ከፈቀዱ ታይሌኖሉን (ፓራሲታሞሉን) በሰዓቱ፣ ጠንካራውን ከስፖርት በፊት ብቻ ማድረግ ይቻላል። ማስታገሻው ለጥቂት ሳምንት በልኩ ከተወሰደና ቀስ በቀስ ከተቀነሰ፣ ከሚፈሩት ሱስ ይልቅ ዕድሜ ልክ የሚቀረው ያልታጠፈ ጉልበት ነው። ይህን ከአንቺ ይልቅ ሐኪሟ በአስተርጓሚ ይንገሯት፤ የልጅ ምክር አይሰማም።

የተሸጎጡት 19ኙ ግን ቤት ውስጥ አይቀመጡ። ፋርማሲ መልሺ።

---

አራዳው

እሺ ተሸንፌያለሁ። ወጌሻው ለወገብ ብቻ ይሁን።

---

የቦሌው

ይቅርታ ክሩን ላጣምመው። አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ነን። ሁለቱም ጉልበቱ አልቋል ተብሏል። እዚህ ይሠራል ወይስ ህንድ ይሂድ?

---

ፊዚዮ ከጎንደር

አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል። ዕቃው ግን ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋውም ወረፋውም ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል። ቀዶ ሐኪሙን በዓመት ስንት እንደሚሠራ ለመጠየቅ አትፈር፤ እጁ የለመደ ሰው ይሻላል።

ህንድ የሄዱትን ግን ብዙ አይቻለሁ። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ይሆናል፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳሉ፣ ከዚያ የሚያስፖርታቸው የለም። ሦስት ወር ቆይተው በደረቀ ጉልበት እኔ ጋ ይመጣሉ። የትም ይሠራ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የፊዚዮቴራፒ ቦታ ያዙ። ረጅም በረራውም ደም የማርጋት ዕድል ስላለው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሁን።

ከዚያ በፊት ስኳር ካለበት ይስተካከል፤ ያልተስተካከለ ስኳር ቁስል ያመረቅዛል። የታመመ ጥርስ ካለ ይታከም፣ ከአፍ የሚነሣ ጀርም ደም ውስጥ ገብቶ ብረቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የጭን ጡንቻውን አሁኑኑ ያጠንክር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግር ቀጥ አድርጎ አሥር መቁጠር ገንዘብ አይጠይቅም።

ደግሞ ሽንት ቤታችሁ ምን ዓይነት ነው? ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ከአሁኑ መቀመጫ አዘጋጁ። አዲስ ጉልበት ቁጢጥ አይወድም። ሰው ስለ ሚሊዮን ብሩ ያስባል፣ ስለ ሽንት ቤቱ የሚያስበው ግን ማታ ቤት ሲገባ ነው።

ከፍ ያለ ተስፋም አትሰጡት። አብዛኛው ሰው ይገላገላል፤ ከ10 ሰው 1 ወይም 2 ግን "እንዳሰብኩት አልሆነልኝም" ይላል። የአዲሱን ጉልበት ዕድሜ ከጠየቃችሁኝ፣ ከተተከሉት ከ10ሩ 8ቱ 25 ዓመት ይዘልቃሉ። ለ66 ዓመት ሰው ይበቃዋል።

---

ኡሙ ሰልማ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ከጂዳ ነኝ። እናቴ ካሠራች ዓመት ሊሞላት ነው። እስካሁን ወንበር ላይ ሆና ነው የምትሰግደው። ግንባሯን መሬት ማስነካት ናፍቋታል። ብትንበረከክ ብረቱ ይሰበራል?

---

ፊዚዮ ከጎንደር

ወዐለይኩም አሰላም። አይሰበርም። የሚያስቸግረው ስሜቱ ነው። ጠባሳው ላይ መንበርከክ ሹል ነገር ላይ የመንበርከክ ያህል ይመስላቸዋል፣ የደነዘዘው ቆዳም ግራ ያጋባቸዋል። ከሐኪማቸው ፈቃድ ካገኙ መጀመሪያ አልጋ ላይ ይንበርከኩ፣ ከዚያ ወፍራም ፍራሽ ላይ። አንዳንዱ ይለምደዋል፣ ብዙዎች ግን ይተዉታል። ከመንበርከኩ ይልቅ መነሣቱን አስቡበት፤ አጠገባቸው የሚደገፉት ጠንካራ ወንበር ይኑር።

---

ጋሽ ምርኩዝ

እኔ መሬት ወድቄ መስገድ ትቻለሁ። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው "ቆመህ ጎንበስ በል፣ እሱ ያያል" አሉኝ። የመጀመሪያው ሁዳዴ ላይ አፍሬ ከኋላ ጥግ ነበር የምቆመው። በሁለተኛው ዓመት ዘወር ብዬ ሳይ ያ ጥግ ሞልቷል። የጉልበተኞች ማኅበር ብለነዋል።

---

ትንሿ ልጅ

የመጨረሻ ወሬ ይዤ መጣሁ። ዛሬ ሰባተኛ ሳምንቷ ነው።

ትራሱ በዚያው ቀን ተነሣ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ ስለ ክኒኑ ነገራት፤ እኔ ስለው የነበረውን ቃል በቃል ነበር። "አየሽ፣ እንዲህ አስረድቶ የሚናገር ሰው ነው የጠፋው" ብላኝ ወጣች። ማለስለሻው በሁለት ቀን ሠራ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ መጣ፣ እንቅልፉ ሲመጣ ስፖርቱ መጣ።

ነጠላው ነገር ግን ተአምር ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ያመጣውን የስፖርት ቀበቶ እንቢ ብላ በነጠላ ነው የምትስበው። ጥለቱ ያለበትን ጫፍ ትይዝና ከንፈሯን ነክሳ "በስመ አብ" ትላለች። "አሜን" ላይ ትለቃለች። ሰውየው መጀመሪያ ግራ ገባው። አሁን እሱም "አሜን" እስክትል ይጠብቃታል።

የጋሽ ምርኩዝን ዘዴም ሰርቀናል። ጠያቂ ሲመጣ ጫማ ሳያወልቅ ከእማዬ ጋር እስከ ፖስታ ሳጥኑ ደርሶ ይመለሳል። አክስቴ ዋና አሠልጣኝ ሆናለች፤ አሁን "ተነሺ እንጂ!" የምትለው እሷ ናት።

እንቢ ያለበትም ጊዜ ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ 81 ደርሶ አሥር ቀን ንቅንቅ አላለም። እሷም እኔም ተስፋ ቆርጠን ሁለት ቀን ተኳርፈናል። እብጠቱ ሲቀንስ በራሱ ጊዜ ተፈታ። ትናንት ሲለካ 104። መዘርጋቱ 3 ዲግሪ ቀርቶታል፣ እሱን አሁንም እየታገልነው ነው። ማታ ማታ አሁንም ያማታል፤ ደረጃውን በአንድ አንድ ነው የምትወጣው።

እሑድ ቡና አፈላች። ራሷ። ዱካ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ ያን ያህል ዝቅ ማለቱ ገና ነው። ተራ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ቆላች፣ ቀዳች።

---

የቦሌው

ደስ ሲል! ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ ረከቦቱ መሬት ከሆነ እንዴት ጎንበስ ብላ ቀዳች?

---

ትንሿ ልጅ

ረከቦቱ የወንድሜ የኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ሦስት ቀኑ ነው፣ አልመልስም ብላለች። እሱ ሶፋ ላይ ሆኖ ነው የሚሠራው። "እናት ናት እኮ፣ አታስጨንቃት" ብዬዋለሁ።